የገዛ እጅና የባለሙያ እጅ

ቤት እንደ ሰው ያረጃል። ዝናብ ግድግዳውን ያጥበዋል፤ ፀሐይ ያሰነጥቀዋል፤ ምስጥ ቋሚውን ይበላዋል፤ የቆርቆሮው ምስማር ይዝጋል። ስለዚህ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ቤቱን ማደስ ይገባዋል። ሊያድስ በተነሣ ጊዜ ግን አንድ ነገር ያሳስበዋል። ይህን ሥራ እኔው ልሥራው ወይስ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ልስጠው? ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ልጆች ሆይ፥ ይህ ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የሕይወት ጥያቄ ነው።

አስቀድመን በገዛ እጅ ስለሚሠራው ሥራ እንናገር። በአገራችን ብዙ ቤት በእንጨትና በጭቃ ይሠራል። የእንዲህ ያለው ቤት ምርጊት በረገፈ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ሊያድሰው ይችላል። አፈር ቆፍሮ ውሃ ያፈስበታል፤ የጤፍ ጭድ ጨምሮ በእግሩ ይረግጠዋል፤ ከዚያም ጥቂት ቀን እንዲቦካ ይተወዋል። ጭዱ እንደ ክር ሆኖ ጭቃውን ያያይዘዋል፤ ሲደርቅም ብዙ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል። ይህ ሥራ የሚሠራው በበጋ ነው፤ በክረምት ጭቃው ቶሎ አይደርቅምና። ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ ቢመጣ ድካሙ ይቀልላል። ልጆችም ውሃ በመቅዳትና ጭድ በማቀበል ይረዳሉ።

ጭቃው ቢቀጥን ወይም ምርጊቱ ቢሰነጠቅ ምን ይሆናል? ስሕተቱ ለዓይን ይታያል። የተበላሸው ይፋቃል፤ ጭቃው እንደገና ይቦካል፤ ግድግዳውም እንደገና ይመረጋል። የጠፋው ጥቂት ቀንና ጥቂት ድካም ነው። ግድግዳን ኖራ መቀባት፥ የበር ማጠፊያ መለወጥ፥ የዝናብ ውሃ ከግድግዳው እንዲርቅ ቦይ መቆፈርም እንደዚሁ ናቸው። እንዲህ ያለውን ቀላል ሥራ ሁሉ ጤና ሳለው በገንዘብ የሚያሠራ ሰው ገንዘቡንም ያባክናል፤ እጁም ሥራ ሳይለምድ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሥራ እንመልከት። አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛ እንበል። በማድ ቤቱ ግን ምጣዱን የሚሰካበት ቦታ የለም። ሰውየውም «ግድግዳውን ራሴ መርጌዋለሁ፤ ሽቦ መቀጠል ከዚህ በምን ይበልጣል?» አለ። ከመብራቱ መስመር ቀጭን ሽቦ ቀጥሎ ወደ ማድ ቤቱ አወረደው፤ በላዩም ጭቃ መረገበት። ምጣዱ ጋለ፤ እንጀራውም ተጋገረ። ቤተ ሰቡ ደስ አለው፤ ሥራውም የተሳካ መሰለ።

ነገር ግን ስሕተቱ በግድግዳው ውስጥ ተደብቆ ነበር። ምጣድ ከመብራት እጅግ የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። በ220 ቮልት መስመር ላይ 60 ዋት መብራት ሩብ አምፔር ያህል ይስባል፤ 3,300 ዋት የሚፈጅ ምጣድ ግን 15 አምፔር ይስባል። ይህም 55 መብራቶች በአንድነት የሚስቡትን ያህል ነው። ለመብራት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ሁሉ ሲሸከም ከልክ በላይ ይግላል። የሸፈነው ላስቲክ ቀስ በቀስ ይቀልጣል፤ በመጨረሻም እሳት ሊነሣ ይችላል። እሳቱ ዛሬ ባይነሣ ከወር ወይም ከዓመት በኋላ ይነሣ ይሆናል። ፊውዝ የሚባለው ነገር ኃይሉ ከልክ ባለፈ ጊዜ መስመሩን የሚቆርጥ ዘበኛ ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ በወፍራም ሽቦ የሚተካ ሰው ግን ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ከፍቶ የተኛ ሰውን ይመስላል።

ከእሳቱም ሌላ አደጋ አለ። የአምፔር አንድ አሥረኛ የሚሆን ኃይል በደረት ውስጥ ቢያልፍ ልብን ሊያቆም ይችላል። እንግዲህ አንድ ባለ 60 ዋት መብራት የሚያበራ ኃይል ሰውን ለመግደል ይበቃል። በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ለዓይን አይታይም፤ የሳተውን ሰውም አይታገሥም።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፥ ብሳሳት ስሕተቴ ይታያልን? ሁለተኛው፥ ብሳሳት ሰው ሳይጎዳ ላርመው እችላለሁን? ለሁለቱም መልሱ «አዎን» ከሆነ ሥራውን በገዛ እጃችሁ ሞክሩት። ለአንዱ እንኳ «አይደለም» ከሆነ ለባለሙያ ተዉት። የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት፥ ጣራ የተሸከመውን ቋሚ ቆርጦ በር ማስፋት፥ በቤት ላይ ፎቅ መጨመር ከዚህ ወገን ናቸው። ቆጣሪውንና ከምሰሶው ወደ ቤት የሚገባውን መስመር ደግሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሠራተኛ ብቻ ሊነካው ይገባል። ሕግም ይህን ልዩነት ያውቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ አንዲት ትንሽ ቤትና አንድ ትልቅ ፎቅ እኩል ጥንቃቄ አይጠይቁምና።

ባለሙያ ነኝ ያለ ሁሉ ግን ባለሙያ አይደለም። የሚቀጠረውን ሰው ፈቃዱን እንዲያሳይ ጠይቁት፤ ቀድሞ የሠራውንም ሥራ ሄዳችሁ እዩ። ዋጋውንና የሚያልቅበትን ቀን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ሥራው ሳይፈጸም ገንዘቡን ሁሉ አትስጡ። ዋጋው ስለ ረከሰ ብቻ ፈቃድ የሌለውን አትጥሩ።

ገንዘብ የሌለውስ ምን ያድርግ? የሚችለውን በእጁ ሠርቶ ለማይችለው ገንዘብ ያጠራቅም። ቦዩን ራሱ ይቆፍር፤ ግድግዳውን ራሱ ይምረግ፤ ኖራውን ራሱ ይቅባ። ከዚህ የተረፈውን ብር ለሽቦው ሥራ ያስቀምጥ። ብሩ እስኪሞላም ድረስ እንጀራውን እንደ ቀድሞው በእንጨት ይጋግር። ጢስ ዓይንን ቢያስለቅስም የቤት ቃጠሎ ከሚያመጣው ልቅሶ ይሻላል።

የሚችለውን ሥራ የማይሠራ ሰነፍ ነው። የማያውቀውን አደገኛ ሥራ የሚደፍር ደግሞ በራሱና በቤተ ሰቡ ላይ ይፈርዳል። የእጁን ልክ የሚያውቅ ሰው ግን ቤቱም ይጸናለታል፤ ልጆቹም በሰላም ያድራሉ።

ጥያቄ።
1. በጭቃ ውስጥ ጭድ የሚጨመረው ስለ ምንድር ነው?
2. ሰውየው በሽቦው ሥራ የተሳሳተው በምንድር ነው?
3. ሥራ ከመጀመር በፊት የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
4. በቤታችሁ መታደስ የሚገባውን አንድ ነገር ፈልጉ፤ በገዛ እጅ ወይስ በባለሙያ ሊሠራ እንደሚገባው ምክንያቱን ጨምራችሁ ጻፉ።