ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥናትና ስለ ፈተና ዝግጅት

ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ ወደ ባቢሎን በተማረኩ ጊዜ የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት እንዲማሩ ከንጉሡ ትእዛዝ ወጣ። የተወሰነላቸውም የትምህርት ዘመን ሦስት ዓመት ነበር። ዘመኑ በተፈጸመ ጊዜ በናቡከደነፆር ፊት ቀርበው ተጠየቁ፤ ከሁሉም በልጠው ተገኙ። ዕውቀትንና ጥበብን የሰጣቸው እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፉ ይነግረናል፤ ዳሩ ግን ሦስቱን ዓመት በባዕድ ቋንቋ ሲማሩ መቆየታቸውንም አልሸሸገንም። ይህን ታሪክ ያነሣነው በደጃችን የቆሙትን ልጆች ለማሰብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ እኛ መጥቶ እንድንጸልይለት ለመነን። ጸለይንለት፤ ጠበል ረጨነው፤ መስቀል አሳልመን ሰደድነው። ውጤቱ በመጣ ጊዜ አላለፈም። እናቱ የሰው ቡና እየለቀመች ያስተማረችው ልጅ ነበር። ኋላ ብንጠይቀው ዓመቱን ሙሉ ደብተሩን ደጋግሞ እንዳነበበ ነገረን። አንዱን ርእስ መርጠን «እስኪ ደብተሩን ዘግተህ ያነበብኸውን ንገረን» ብንለው ግን ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም አለ። ያን ጊዜ የነቀፍነው ልጁን ሳይሆን ራሳችንን ነው። በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ያደግን ሰዎች ስንሆን ይህን ጥያቄ ከመስከረም ጀምሮ ልንጠይቀው ይገባን ነበርና።

ነገሩ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብሔራዊው ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በመጀመሩ ኩረጃው ሲገታ የዕውቀቱ ልክ ተገለጠ። በመላ ኢትዮጵያ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በ2015 ዓ.ም. ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ይህን ሰምቶ ልጆቹን ሰነፎች ብሎ ማለፍ ለካህን አይገባውም።

የጌዴኦን ተማሪ ኑሮ እንመልከት። የዲላ ዙሪያ፣ የወናጎ፣ የይርጋ ጨፌ፣ የኮቸሬና የገደብ ልጆች የሚያድጉት ቡናና እንሰት ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው በሚበቅሉበት ምድር ነው። ይህ የእርሻ ጥበብ በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን ቀይ ቡና የሚለቀመው ትምህርት ቤት ተከፍቶ ብዙ ሳይቆይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፤ በደጋው ከዚያም አልፎ ነው። በነዚህ ወራት ተማሪው ቅርጫት ይዞ ከቤተሰቡ ጋር ይውላል። አባትየውን ልጅህን ከለቀማ አስቀር ማለት ቀላል ነው፤ ደብተሩንና የደንብ ልብሱን የሚገዛው ግን ያው ቡና ነው። ስለዚህ ቀኑን መንጠቅ ባይቻል ማታውን ማትረፍ ይሻላል።

የቋንቋው ሸክም ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። የጌዴኦ ልጅ በቤቱ ጌዴኡፋ ይናገራል፤ በገበያና በቤተ ክርስቲያን አማርኛ ይሰማል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራል፤ የሚፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? የትርጓሜ ተማሪ ንባቡን በግእዝ ይሰማል፤ መምህሩ በአማርኛ ይፈታለታል፤ ምስጢሩንም «አንድም» እያለ ያሰፋለታል። ከጉባኤ ሲነሣም ከባልንጀሮቹ ጋር ተቀምጦ መጽሐፉን ሳይገልጥ የሰማውን ይመልሳል፤ የሳተውን ባልንጀራው ያቀናዋል። ቀጸላ የምንለው ይህ ነው፤ የአስኳላው ተማሪ ያጣውም ይህንኑ ነው። አንብቦ ያላስተዋለውን ጃንደረባ ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አስረዳው እንጂ ደግመህ አንብብ ብሎት አላለፈም።

አራት ወይም አምስት ተማሪዎች አንድ ላይ ይቀመጡ። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ያንብቡ፤ ይዝጉት፤ አንዱ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ወይም በጌዴኡፋ ይንገራቸው፤ ቀጥሎ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይመልሰው። የተስማሙበትን ይለፉ፤ ያልተስማሙበትን ጽፈው ለመምህራቸው ያቅርቡ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ደግሞም በሳምንቱ ያንኑ ገጽ ሳያዩ ይጠያየቁ። ሒሳብ ግን በመናገር አይገኝም። የሰው ቅኔ ሲሰማ በመዋል ባለቅኔ የሆነ እንደሌለ፤ ሌላው የሠራውን ስሌት በማየትም ሒሳብ አዋቂ የሆነ የለም። ባሕረ ሐሳብ ስንማር አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ እንደሚሆኑ መስማት አልበቃንም፤ የየዓመቱን በጣታችን እየቆጠርን አውጥተን፣ ተሳስተን፣ ታርመን ነው ያወቅነው። ያለፉትን ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች በሰዓት ለክቶ መሥራትም እንዲሁ ነው፤ የተሳሳቱትን መርምሮ ምክንያቱን ማወቅ ካልተጨመረበት ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ቦታውስ ወዴት ይገኛል ለሚለን፤ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሻችን በአዘቦት ቀን ማታ ተዘግቶ ያድራል። መብራትና ጠረጴዛ ይበቃዋል። በዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የግቢ ጉባኤ ልጆች በሳምንት ሁለት ማታ ቢመጡ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያርም ሰው አይጠፋም። ሴቶች ልጆች በጨለማ መመለስ ስለሚያስፈራቸው ለእነርሱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁንላቸው። በዚህ አገር የወንጌላውያን ልጆች ብዙ መሆናቸውን እናውቃለን፤ ለማጥናት የመጣውን ልጅ የማን ምእመን ነህ ብለን አንጠይቀው።

ሁለት ነገር በእኛ በካህናቱ እጅ ብቻ ይገኛል። አንደኛው ጾሙ ነው። ፈተናው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መግቢያ ሲውል ከጾመ ሐዋርያት ጋር ይገናኛል። ልጁ ከሥጋና ከወተት ይከልከል፤ የሰዓቱን ነገር ግን የንስሐ አባቱ አይቶ ይወስንለት። ዳንኤልና ባልንጀሮቹም ከንጉሡ ማዕድ ተከለከሉ እንጂ ጥራጥሬውን በልተው ነበር የተማሩት።

ሁለተኛው የዲያቆናቱ ጉዳይ ነው። ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ፣ ጧት ቀድሶ፣ ከቀትር በኋላ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ዲያቆን በየአጥቢያው አለ። በምናገለግልበት ደብር ይህን ባነሣን ጊዜ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ተቆጥተው «እኛ ስንማር ማን ከማኅሌት አስቀረን?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ እኛ ግን ያን ጊዜ የምንማረው ያንኑ ማኅሌት ነበር አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዲያቆናት ስንት እንደሆኑ ጠየቁ። ሦስት ናቸው ብንላቸው፣ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ፈተናው ቀን የልጆቹን ተራ ትምህርታቸውን ለጨረሱት ዲያቆናት ራሳቸው ደለደሉት፤ ለቅዳሜው ሌሊት ሰው ቢጎድል እኔ አለሁ አሉ።