ስለ ወዛም ፊትና ስለ ፀሐይ ቅባት በወበቅ አገር

ከደጋ ተነሥቶ ለትምህርት ወደ ጋምቤላ የተመደበ ተማሪ በመጀመሪያው ወር ከሚያጠናቸው ነገሮች አንዱ የገዛ ፊቱ ጠባይ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ጠዋት ታጥቦ ቫዝሊን ነካ ካደረገው በኋላ እስከ ማታ የማያስታውሰው ፊት፣ ጋምቤላ ሲደርስ ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ያብረቀርቃል፤ ወዝና ላብ ተደባልቆ ከግንባር ወደ ዓይን ይወርዳል። በዚህ ላይ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሲጨመርበት ሰውየው ቅቤ የተቀባ መስሎ ይታያል፤ በሳምንቱም ቅባቱን አልጋው ሥር ወርውሮ ይተወዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ቅባቱ የሚጣልበትን ምክንያትና ሳይጣል የሚቆየው የትኛው እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያ ግን፣ «ጥቁር ቆዳ ምን የፀሐይ ቅባት ያስፈልገዋል?» የሚል ጓደኛ አይታጣም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በቆዳችን ውስጥ ያለው ሜላኒን በእርግጥ ይጋርደናል። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የጥቁሮች የላይኛው ቆዳ በአማካይ ወደ 13 የሚደርስ፣ የነጮቹ ደግሞ ከ3 ትንሽ የሚበልጥ የመከላከል ኃይል እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ እንደ ፈረንጅ ቶሎ አንቃጠልም። ነገር ግን ይኸው ሜላኒን ራሱ ሌላ ጣጣ አለው፤ ብጉር የነበረበት ቦታ በፀሐይ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ማዲያትም ይብሳል። ችግሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍሁ። ጠባሳው የጠቆረበት ተማሪ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከሱቅ ገዝቶ የሚቀባው ብዙ ጊዜ ፊት የሚያቀላ ክሬም ነው። ከነዚህም ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ብርቱ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ። ስቴሮይዱ ሲውል ሲያድር ቆዳውን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላልም። የሳሳው ቆዳ ለፀሐይ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እንግዲህ ምቾት ያለው የፀሐይ ቅባት ማግኘት የቅንጦት ጉዳይ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልስማማም።

ሁለተኛው ስሕተት ሙቀትንና አልትራቫዮሌት ጨረርን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ከመቶ አሥር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው ቀዝቃዛዋ አዲስ አበባ፣ 500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ጋምቤላ ይልቅ ሰማዩ በጠራ ቀን ብርቱ ጨረር ይወርድባታል። በጋምቤላ የሚያስቸግረው ጨረሩ ከሌላው በልጦ ሳይሆን፣ መከላከያውን ፊት ላይ ማቆየት አለመቻሉ ነው። አየሩ አስቀድሞ እርጥበት ስለጠገበ ላብ አይተንም፤ ባለበት ተኝቶ ከወዙና ከቅባቱ ጋር ይቀላቀላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በዕቃው ላይ ኤስ.ፒ.ኤፍ. ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በላቦራቶሪ የሚለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው። 30 የሚለው ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር ከመቶ 97 ያህሉን ይከለክላል፤ 50 የሚለው ደግሞ 98 ያህሉን። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚቀባው ከተለካው መጠን ሩቡን ወይም ግማሹን ብቻ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ያለው 50 ፊት ላይ ሲደርስ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ሰው ቅባቱን የሚያሳንሰው ደግሞ ስለሚያጣብቀው ነው። ስለሆነም ሳይሰስቱ በበቂ መጠን የሚቀቡት 30፣ ተንቆ በጣት ጫፍ ከሚነካ 50 ይበልጣል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ይህን ስል ግን አልቢኒዝም ያለባቸውን ወገኖቻችንን አይመለከትም። ለእነርሱ ቅባቱ መድኃኒት ነውና ትልቁን ቁጥር፣ ባርኔጣውንና ረጅም እጅጌውን አንድ ላይ ይያዙ።

ከቁጥሩ ይልቅ መመርመር የሚገባው ቅባቱ የተበጠበጠበት ነገር ነው። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው ክሬም ማለት ዘይትና ውሃ ተደባልቀው የተያዙበት ነው። ውሃው በዘይት ውስጥ የተበተነ ከሆነ ቅባቱ ከበድ ይላል፣ ውሃን ግን ይችላል፤ ዘይቱ በውሃ ውስጥ የተበተነ ከሆነ ቀለል ይላል። ጄሉ አልኮል ያለበት ሲሆን፣ አልኮሉ ተንኖ ስስ ሽፋን ብቻ ይቀራል፤ ለወዛም ፊት ይስማማል፣ ግን ዓይን ሲገባ ያነዳል። እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ፦ ጨረሩን ከሚውጡት ኬሚካሎች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ኦክቶክሪሊንና ሆሞሳሌት፣ ራሳቸው ዘይት መሰል ፈሳሾች ናቸው። ቁጥሩ ከፍ እንዲል ሲበዙ ቅባቱም ይከብዳል። «ዘይት የለበትም» የሚለው ጽሑፍ እንግዲህ ብዙ አያስተማምንም፤ «ብጉር አያወጣም» የሚለውም ሁሉም አምራች የሚገዛበት አንድ መለኪያ የለውም።

ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ዓይን አያነድም፣ ወዙንም ደረቅ ያደርጋል፤ በእኛ መልክ ላይ ግን አመድ የተነሰነሰ ያስመስላል። ቡናማ ቀለም ያለው ዓይነት ከተገኘ እርሱ ይመረጣል፤ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ማዲያትን ከሚያብሱት አንዱ የሆነውን፣ በዓይን የሚታየውን ብርሃንም ይጋርዳልና። «ውሃ የማይነካው» በሚል ቃል ግን አንታለል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ያንን አባባል ከልክሎ፣ ቅባቱ በውሃ ውስጥ 40 ወይስ 80 ደቂቃ እንደሚቆይ እንዲጻፍ አዟል።

አቀባቡ ቀላል ነው። ላብ ሳይጀምር ማለዳ ፊትን ታጥቦ ማድረቅ፤ ከሥሩ ቫዝሊንም ሆነ ሌላ ቅባት አለመጨመር፤ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ርዝመት የወጣውን ለፊትና ለአንገት ማዳረስ፤ ግማሹን ቀብቶ ትንሽ ቆይቶ ቀሪውን መድገም። ወዙ ሲወጣ በሶፍት ጫን ጫን ማድረግ እንጂ አለመጥረግ። ከቤት ውጭ የሚውል በየሁለት ሰዓቱ ይድገመው፤ ያልተመቸው በዣንጥላና በዛፍ ጥላ ያግዘው። አዲስ ዓይነት ሲገዙ ሳምንት ያህል በአንድ በኩል መንጋጋ ላይ ብቻ ሞክሮ ማየት ከሙሉ ፊት ብጉር ያድናል። ማታ በሳሙና መታጠብም አይረሳ።

ወጪውን ለማስላት ያህል፣ ለፊትና ለአንገት በአንድ ጊዜ 1.2 ግራም ገደማ ይበቃል። 50 ግራም የሚይዘው ዕቃ በቀን አንዴ ቢቀቡት አርባ ቀን ያህል ይሄዳል፤ የአንድ መኝታ ክፍል ልጆች ተባብረው ትልቁን ቢገዙ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ከመግዛት በፊት የሚያበቃበትን ቀን ማየት ያስፈልጋል። ከተገዛም በኋላ መስኮት ላይ ፀሐይ እያገኘው አይቀመጥ፤ ሙቀት ያበላሸዋልና።