ልብን ከስልክ ስለ መመለስ

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ታናሽ የሚመስል፥ ነገር ግን የቤታችንን ሰላም የሚነካ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ልባችንን የሚወስድብን የእጅ ስልክ ነው።

በቅድሚያ የራሳችንን በደል እንናገር። አንድ ቀን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ስላላቸው ችግር ሊያማክሩን መጥተው ሲናገሩ፥ ስልካችን ድምፅ ሰጠ። እኛም ዓይናችንን ወደ እርሱ ዝቅ አደረግን። ቀና ስንል ዝም ብለው አገኘናቸው። «ሥራ በዝቶብዎታል፤ ሌላ ቀን ይሁን» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። የመጣው መልእክት የሸቀጥ ማስታወቂያ ነበረ። እርሳቸው ያቋረጡትን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

ይህ የሚሆነው ለምንድር ነው? የፈቃድ ድካም ብቻ ነው ብንል እውነቱን በሙሉ አልተናገርንም። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከቻርልስ ፈርስተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ርግቦችን ፈትኖ ያገኘውን ገልጿል። ርግብ ምግብ የምታገኝበት ጊዜ ያልታወቀ ሲሆን፥ ማለት አንዳንዴ ሲሰጣት አንዳንዴም ሲቀርባት፥ ሳትሰለች በመንቈሯ መላልሳ ትመታለች። እኛም ስልኩን ደጋግመን የምንከፍተው በዚሁ ዓይነት ነው፤ አንድ ጊዜ የወዳጅ መልእክት፥ ሌላ ጊዜ ከንቱ ነገር ይገኝበታልና። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ባለ ሙያ ገጹ ማለቂያ ሳይኖረው ወደ ታች እንዲቀጥል የሚያደርገውን አሠራር አወጣ፤ በኋላም መጸጸቱን በይፋ ተናገረ። መጽሐፍ የሚያነብን ሰው የምዕራፉ መጨረሻ «ይበቃሃል» ይለዋል፤ በስልክ ግን እንዲህ የሚል የለም።

እንግዲህ «ከዛሬ ጀምሮ እተዋለሁ» ማለት ብቻ አይበቃንም። በር የሌለው ቤት በዘበኛ ትጋት ብቻ አይጠበቅም፤ በር ሊሠራለት ይገባል።

አንደኛ፥ ልኩን እንወቅ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ስልኮች በቀን ስንት ሰዓት እንደ ተመለከትናቸው የሚያሳይ መቍጠሪያ አላቸው።

ሁለተኛ፥ ድምፁን እንዝጋ። የሚደውል ሰው ጥሪ ብቻ ይሰማ፤ የቀረው እኛ በወሰንነው ሰዓት ይታይ።

ሦስተኛ፥ ስፍራ እንወስንለት። ሌሊት ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ቡና ሲፈላም ከአቦል እስከ በረካ የሁሉም ስልክ በአንድ ሣጥን ይቀመጥ።

አራተኛ፥ የተለቀቀውን ጊዜ እንሙላ። ንባብ፥ ጨዋታ፥ የታመመን መጠየቅ ካልተተካበት ስልኩ ወደ ቀድሞ ስፍራው ይመለሳል።

ስልክን አናወግዝም፤ በዐረብ አገርና በአሜሪካ ያሉትን የልጆቻችንን ድምፅ የምንሰማው በእርሱ ነውና። ነገር ግን ሩቅ ያለውን እንድንሰማበት የያዝነው መሣሪያ በፊታችን የተቀመጠውን ሰው ዝም እንዲያሰኝብን አንፍቀድለት።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤
1. ከቀኑ ውስጥ ልባችን ከሁሉ ይልቅ በስልክ የሚወሰደው በየትኛው ሰዓት ነው?
2. በዚህ ሳምንት ሲናገረን ዝም ያሰኘነው ሰው ማን ነው? ወደ እርሱ ሄደን ያቋረጠውን እንዲጨርስልን ለመለመን ፈቃደኞች ነን?