ቢልሃርዚያና የሽንት ፊኛ ካንሰር

ካንሰር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሲጋራ፣ ጨረር ወይም ከቤተሰብ የሚወረስ ችግር ነው። ይሁን እንጂ መነሻው የወንዝ ውሃ የሆነ ካንሰርም አለ። በዚህ ጽሑፍ ቢልሃርዚያ ለሽንት ፊኛ ካንሰር እንዴት እንደሚያጋልጥና ጉዳዩ አገራችንን እንዴት እንደሚመለከት እናያለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ቢልሃርዚያዎች

በኢትዮጵያ ሰውን የሚያጠቁት የቢልሃርዚያ ትሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። በስፋት የሚታወቀው ሽስቶሶማ ማንሶኒ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራል፤ የጣና ሐይቅን አካባቢ ጨምሮ በብዙ ቦታዎች ይገኛል። ሁለተኛው ሽስቶሶማ ሄማቶቢየም የሽንት ፊኛን በከበቡ የደም ሥሮች ይሰፍራል። ስርጭቱም በቆላ የተወሰነ ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ ተገኝቷል። ስርጭቱን የሚወስኑት የውሃው ሙቀትና ትሉን የሚያስተላልፈው የቀንድ አውጣ ዝርያ ናቸው። እንቁላሎቻቸው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የማንሶኒው እሾህ በጎኑ፣ የሄማቶቢየሙ ደግሞ በጫፉ ላይ ይገኛል። ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ነው።

እንቁላሉ ምን ያደርጋል?

ከቀንድ አውጣ የወጣው እጭ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አድጎና ተጣምቶ እንቁላል ሲጥል የእንቁላሉ ከፊል የፊኛውን ግድግዳ ሰንጥቆ ከሽንት ጋር ይወጣል፤ በሽንት ውስጥ ደም የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀሪው እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል። ሰውነት ባዕዱን አካል ለማጥፋት የመከላከያ ህዋሳቱን ያዘምታል፤ ግድግዳውም ለዓመታት ይቆጣል። የተጎዱ ህዋሳት በአዲስ በተተኩ ቁጥር በዲኤንኤ ላይ ስህተት የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። በተጨማሪም ፊኛውን አብረው የሚያጠቁ ባክቴሪያዎች ናይትሮሳሚን የተባሉ ካንሰር አምጪ ውህዶች እንዲፈጠሩ ያደርጋሉ። ቀስ በቀስ የፊኛው ሽፋን ወደ ጠፍጣፋ ህዋሳት ይለወጣል፤ ከእነዚህም ስኳመስ የተባለው የካንሰር ዓይነት ሊነሳ ይችላል። ሂደቱ ብዙ ዓመታት የሚወስድ ሲሆን በበሽታው የተያዘ ሰው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም።

ማስረጃው

ትሉን ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ አገኘው። በ1911 ፈርጉሰን የተባለ ሐኪም እዚያው ግብጽ ውስጥ 40 የፊኛ ካንሰር ሕመምተኞችን መርምሮ ግንኙነቱን አመለከተ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ1994 ሽስቶሶማ ሄማቶቢየምን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ከ1ኛው ምድብ መደበው። በግብጽ የቢልሃርዚያ ሕክምና ከተስፋፋ በኋላ የስኳመስ ካንሰር ድርሻ እጅግ ቀንሷል። ይህም መንስኤውን በመከላከል ካንሰሩን መከላከል እንደሚቻል ያሳያል።

ምን ይደረግ?

በዚህ ረገድ አገራችን የራሷ ታሪክ አላት። ዋና ግቢው ስድስት ኪሎ በሆነው በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ የበሽታውን አስተላላፊ እንደሚገድል ያረጋገጠው ምርምር የተጀመረው ከዚህ ነው።

ትሉን ራሱን የሚገድለው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል። ሆኖም ዳግም ከመያዝ አያድንም፤ ስለዚህ ንጹህ ውሃና መጸዳጃ ቤት የግድ ያስፈልጋሉ። ደም የቀላቀለ ሽንት ኩላሊት ጠጠርን በመሳሰሉ ሌሎች ምክንያቶችም ሊመጣ ስለሚችል ምርመራ ያሻዋል። እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት በመሆኑ ናሙናው በእነዚህ ሰዓታት ቢወሰድ ይመረጣል።

ቆላ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ዛሬ በየከተማው ይኖራሉ። ነገ ሐኪም ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ የምትሆኑ ተማሪዎች፣ ሽንቱ ደም የቀላቀለ ሕመምተኛ ሲገጥማችሁ «በልጅነትዎ የት አካባቢ፣ በየትኛው ውሃ ይዋኙ ነበር?» ብላችሁ መጠየቅን አትዘንጉ።