አንድ ስም ለሁለት ሰርቨር፦ በኔትወርክ ላይ የሚፈጠር የማንነት ግጭትና መፍትሔው

መግቢያ

እንደሚታወቀው የዛሬ የዜና ክፍል ሥራ ያለ ኔትወርክ አይታሰብም። ሪፖርተሩ በአንዱ ኮምፒውተር ይጽፋል፣ አርታኢው በሌላው ያርማል፣ ገጽ አቀናባሪው ደግሞ በሦስተኛው ገጹን ይሠራል። ሦስቱን የሚያገናኛቸው የሁሉም ፋይል በአንድነት የሚቀመጥበት የፋይል ሰርቨር ነው። ታዲያ በአንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት ሰርቨሮች «እኔ ነኝ» ብለው ቢመልሱስ?

«ይሄ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እንበልና አንዲት ሪፖርተር በዜናዋ ውስጥ የተከሳሹ ስም መሳሳቱን አጣርታ ማታ 2 ሰዓት ላይ አርማ ሴቭ አደረገች። ፋይሉ ግን የሄደው ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ነው። አርታኢው ጠዋት ከመጀመሪያው ሰርቨር ላይ ያልታረመውን ከፍቶ ወደ ማተሚያ ቤት ላከው። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም፤ ጋዜጣው ግን የንጹሕ ሰው ስም አጥፍቶ ወጣ። ስለዚህ ነገሩ ያገባናል።

የሰርቨር ማንነት ምንድን ነው?

በእኛ አገር ሁለት ተማሪዎች በስምም በአባት ስምም ሲመሳሰሉ መምህሩ የአያት ስም ይጠይቃል፤ ያ ካልበቃ የመታወቂያ ቁጥር ያያል። ሰርቨርም ከአንድ በላይ መለያ አለው። የመጀመሪያው እኛ የምንጠራው ስሙ ነው። ሁለተኛው እንደ 192.168.1.10 ያለ የአይፒ አድራሻው ነው። ሦስተኛው በኔትወርክ ካርዱ ላይ ያለው የማክ አድራሻ ሲሆን በ12 ፊደልና ቁጥር ይጻፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 6 የካርዱን አምራች ይጠቁማሉ። አራተኛው፣ በኤስኤስኤች ለሚሠሩ ሰርቨሮች፣ የምስጢር ቁልፋቸው ነው። ግጭት ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የተጋጨው የትኛው መለያ ነው?» የሚለው ነው።

1. የአድራሻ ግጭት

ምልክቱ ግልጽ ነው። ግማሹ ክፍል ፎልደሩን ያያል፣ ግማሹ አያይም፤ ወይም ትናንት የነበረው ፋይል ዛሬ የለም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮምፒውተራችን ሰርቨሩን ከመድረሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ኤአርፒ በተባለ ደንብ «192.168.1.10 ማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል። ሁለት ሰርቨሮች «አቤት» ካሉ አንዱ ኮምፒውተር የአንደኛውን ማክ አድራሻ፣ ሌላው የሁለተኛውን ሊይዝ ይችላል።

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ሰርቨሩን ሪስታርት ያደርጋል። ችግሩ ለጊዜው የጠፋ ይመስላል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። የተሻለው መንገድ የሚከተለው ነው።

ሀ) ሁሉም ሰው የያዘውን ጽሑፍ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሴቭ እንዲያደርግ መንገር።

ለ) በሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ የሰርቨሩን አድራሻ ፒንግ ማድረግና ወዲያው የኤአርፒን ሰንጠረዥ ማየት። ለአንድ አይፒ ሁለት የተለያዩ ማክ አድራሻዎች ከተገኙ ግጭት ለመኖሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ፋየርዎል ፒንግን ቢከለክል እንኳ ማክ አድራሻው በሰንጠረዡ ላይ ይገኛል። ይህ የሚሠራው ግን ኮምፒውተሩና ሰርቨሩ በአንድ የውስጥ ኔትወርክ ላይ ሲሆኑ ነው፤ በመካከል ራውተር ካለ የሚታየው የራውተሩ ማክ ነው።

ሐ) የምናውቀውን ሰርቨር ኬብል መንቀል፣ የኤአርፒን ሰንጠረዥ ማጽዳትና እንደገና መሞከር። አሁንም መልስ ከመጣ ሌላ መሣሪያ አድራሻውን ይዞታል ማለት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ መነሻው በእጅ የተሰጠ አድራሻ፣ ዲኤችሲፒ በራሱ ከሚያድላቸው አድራሻዎች መካከል መሆኑ ነው። መፍትሔው የሰርቨሮችን አድራሻ ከእደላው ክልል ውጭ ማድረግ ወይም በማክ አድራሻቸው ማስያዝ ነው።

2. የስም ግጭት

በዊንዶውስ የቆየው የኔትባዮስ ስም ከ15 ፊደላት አይበልጥም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሁለት ሰርቨሮች ረዥም ስም ተሰጥቷቸው የሚለዩት በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ከሆነና የመጀመሪያዎቹ 15 ፊደላት አንድ ከሆኑ፣ ለእኛ ሁለት የሆኑት ለኔትወርኩ አንድ ናቸው። በሰርቨሩ ላይ ኤንቢቲስታት የሚባለውን ትእዛዝ ስናዝ ከስሙ ፊት ለፊት «ግጭት» የሚል ምልክት ካሳየ ነገሩ ይኸው ነው።

የስም ችግር ሁልጊዜ ከሰርቨሩ አይመጣም። ዲኤንኤስ የሚባለው የስም መዝገብ የተወገደውን ሰርቨር አድራሻ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ያ አድራሻ ለሌላ መሣሪያ ከተሰጠ ስሙን የጠራ ሰው የማያውቀው በር ይከፈትለታል። ስለዚህ በስም ሲጠራና በአድራሻ ሲጠራ ውጤቱ አንድ መሆኑን ማወዳደር ያስፈልጋል። በአድራሻ ትክክለኛው ሰርቨር ከመጣ፣ በስም ግን ሌላ ከመጣ፣ መዝገቡን እንይ።

3. የቁልፍ ግጭት

ኤስኤስኤችን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን ሲሆን፣ የተነሣሣውም በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ነበር። ፕሮግራሙ ሰርቨሩን መጀመሪያ ሲያገኝ ቁልፉን ይመዘግባል። በሌላ ቀን በዚያው ስም ሌላ ቁልፍ ከመጣ «የሰርቨሩ ማንነት ተቀይሯል» ብሎ በትልቁ ያስጠነቅቃል። ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሰርቨር ስሙን ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንድ ሰው በመካከል ገብቶ እየሰማ ነው። ከስክሪኑ ብቻ መለየት አይቻልም። የምንጭን ማንነት በራሱ በምንጩ ቃል እንደማናጣራ ሁሉ፣ የቁልፉን አሻራ ኃላፊውን ስልክ ደውለን መጠየቅ ወይም ሰርቨሩ ዘንድ ሄደን ማየት አለብን። የቆየው ምዝገባ የሚሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው።

የባሰው ግን ማስጠንቀቂያ የሌለው ነው። አንድ ሰርቨር እንዳለ ተቀድቶ ሁለተኛ ሲሠራ ቁልፉም አብሮ ይቀዳል። ሁለቱ አንድ ቁልፍ ስላላቸው ፕሮግራሙ ቢቀያየሩም ዝም ይላል። ስለዚህ ቅጂው ኔትወርክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስሙ፣ አድራሻውና ቁልፉ መቀየር አለባቸው። ለዊንዶውስ ሲስፕሬፕ የሚባለው መሣሪያ ለዚሁ ቅድመ ዝግጅት የተሠራ ነው።

ከግጭቱ በኋላ ፋይሎቹስ?

ግጭቱ ተፈታ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። አሁን በሁለት ሰርቨሮች ላይ አንድ ስም ያላቸው የተለያዩ ፋይሎች አሉ። አንዱን በሌላው ላይ መገልበጥ ክልክል ነው! መጀመሪያ ሁለቱንም ለየብቻ መቅዳት ይገባል። ቀጥሎ ሴቭ የተደረጉበት ሰዓት ይወዳደራል፤ የአንደኛው ሰርቨር ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ ግን «አዲሱ» የተባለው አሮጌው ሊሆን ስለሚችል የሁለቱ ሰዓት አስቀድሞ ይታይ። በመጨረሻ ስም፣ ቁጥርና ጥቅስ ያለባቸውን ጽሑፎች ጸሐፊው ራሱ ከፍቶ ያንብባቸው። የትኛው እርማት የመጨረሻ እንደሆነ ማሽኑ አያውቅም፤ የሚያውቀው ያረመው ሰው ነው።

ማጠቃለያ

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ብዙ ጣጣ ያስቀራል። የእያንዳንዱ ሰርቨር ስም፣ አይፒ አድራሻ፣ ማክ አድራሻና የቁልፍ አሻራ ተጽፎ፣ ለውጥ በተደረገ ቁጥር ቀኑ ተመዝግቦ፣ ሰርቨሩ ሲበላሽም በሚገኝበት ቦታ ይቀመጥ። «ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ የሙያችን የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ «ማን መለሰ?» የሚለውን ደግሞ ኔትወርኩን እንጠይቀው።

ቸር ይግጠመን።