ጢሮስ፤ በባሕር ዳር የተንበረከከች ቤተ ክርስቲያን

የጢሮስ ስም በቅዱስ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ይጠራል። ዛሬ ሱር የምትባለው ይህች ጥንታዊት ከተማ ከቤይሩት በስተ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሊባኖስ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ትገኛለች። የሚጐበኛት ሰው በአንድ ወገን ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ፣ በሌላው ወገን ጥንታውያን ዓምዶች፣ የመቃብር ሥፍራ፣ የድል ቅስትና የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ያያል። ለእኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ ትርጉም አላት፤ አባ ሰላማ የወጣባት ከተማ ናትና።

1. ያለፈው ክብር

ጢሮስ በደሴት ላይ የተመሠረተች፣ ከባሕር ቀንድ አውጣ በሚወጣ ሐምራዊ ቀለምና በመርከብ ንግድ የበለጸገች ነበረች። ነቢዩ ሕዝቅኤል ስለ ትዕቢቷ ገሥጿታል (ሕዝ. 26-28)። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ዓመት ከየብስ እስከ ደሴቲቱ ባሕሩን ደልድሎ፣ ከሰባት ወር ከበባ በኋላ ያዛት። በድልድሉ ዙሪያ አሸዋ እየተከማቸ ስለ ሄደም ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተያይዛ ቀረች። ፍርስራሿን ዩኔስኮ በ1984 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጦርነት ደግሞ ከተማዪቱ በአየር ድብደባ ተጐድታለች።

2. በአሸዋው ላይ የተደረገ ጸሎት

ጌታችን ወደ ጢሮስ አገር በሄደ ጊዜ ስለ ልጅዋ የለመነችውን አሕዛባዊት እናት ሰማት (ማር. 7፥24-30)። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ በጢሮስ ሰባት ቀን ተቀመጠ። ሲነሣም ምእመናን ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ሸኙት፤ በባሕሩ ዳርም ተንበርክከው ጸለዩ (ሐዋ. 21፥3-6)። ቅዱስ ሉቃስ ሕፃናቱን ሳይጠቅስ አላለፈም፤ እምነት በወላጆች አጠገብ ተንበርክኮ የሚለመድ ነውና።

3. ሁለቱ ብላቴኖች

የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደሚተርከው፣ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉትን ሁለት ዘመዶቹን ይዞ ተጓዘ። ሲመለሱ መርከባቸው በጠረፍ ተጠቃች፤ ብላቴኖቹ ግን ተርፈው በንጉሡ ቤት አገልጋዮች ሆኑ። ፍሬምናጦስ ገና ክህነት ሳይቀበል፣ በቤተ መንግሥት ባገኘው ሥልጣን ክርስቲያን ነጋዴዎችን እያሰባሰበ የጸሎት ቤት እንዲኖራቸው አደረገ። ኋላም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ጳጳስ እንዲላክ በለመነ ጊዜ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ እርሱኑ ሾሞ ላከው። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ካህን ሆነ፤ ሩፊኖስም ታሪኩን የሰማው ከእርሱ አፍ ነው።

4. ትምህርቱ

የጢሮስ ሀብት አለፈ፤ በባዕድ ቤት ያገለገለ ወጣት እምነት ግን እስከ ዛሬ ያፈራል። ፍሬምናጦስ ሐዋርያዊ ሥራውን የጀመረው በምእመንነቱ ስለሆነ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አገልግሎታቸውን አነስተኛ አድርገው አይቍጠሩት። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ ብዙ እኅቶቻችን በሊባኖስ በሰው ቤት ተቀጥረው ይኖራሉ። ከመሄዳቸው በፊት በእምነት ማጽናት፣ ከሄዱም በኋላ በጸሎት አለመርሳት ዕዳችን ነው።

ለውይይት

ሀ. በቤታችን ወላጆችና ልጆች አብረው የሚጸልዩት መቼ ነው?
ለ. ከቁምስናችን ወደ ባዕድ አገር ለሄዱት ምን እናደርጋለን? በመካከላችን ለሚኖረው እንግዳስ?