በተራ በሚደረግ ጨዋታ መድፍ እንዴት ይከላከላል?

ጨዋታ ሥራ ፈት የሚውልበት ነገር ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን በተራ የሚደረግ የጦር ጨዋታ አስቀድሞ ማሰብን ያስተምራል። ስለዚህ ከክፍሎቹ ስለ አንዱ፥ ይኸውም ስለ መከላከያ መድፍ፥ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

አባቶቻችን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ መድፍ የሚባል የለም፤ ሥራውን ግን ደር ይሠራዋል። ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት፥ መደቅም ወደ ፊት አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊልና ፈረስ ቢዘሉም ርቀው አይሄዱም። ደር ግን መንገዱ ካልተዘጋበት ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ ይደርሳል። በአንድ ጥግ ቆሞ ሙሉ መሥመር ይጠብቃል፤ ጠላትም በዚያ ቢቆም በሚቀጥለው ተራ እንደሚበላ ስለሚያውቅ አይደፍርም። እንግዲህ የመከላከያ መድፍ የመጀመሪያው ጥቅም ሳይተኩስ ማገዱ ነው።

በኮምፒዩተር ጨዋታ ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው «አድቫንስ ዋርስ» በተባለው የጃፓን ጨዋታ መድፍ የሚመታው ሁለት ወይም ሦስት ቤት የራቀውን ነው፤ አጠገቡ የቆመውን ሊመታ አይችልም። በተንቀሳቀሰበት ተራም አይተኩስም። ስለዚህ ይዞት ለሚያጠቃ ሰው ሸክም ሲሆን፥ ቆሞ ለሚጠብቅ ግን ጠላት በገዛ እግሩ ይመጣለታል። ሆኖም ፈጣን ታንክ ከሩቅ ተነሥቶ በአንድ ተራ አጠገቡ ከደረሰ መድፉ ምንም አያደርግም። መድኃኒቱ በዙሪያው ያሉትን አራት ቤቶች መዝጋት ነው። ሁለቱን ባሕር ከዘጋልን፥ ለቀሩት ሁለት እግረኛ ይበቃል።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ይህን ሕግ ወስደን በደብተር ወረቀት ላይ እንጫወታለን፤ እግረኛው ባቄላ፥ መድፉ ጠጠር ነው። አንድ ቀን በቁጥር ስለበለጥሁት ባቄላዎቼን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ነዳኋቸው። እርሱ ሁለት ጠጠሮቹን ሳያንቀሳቅስ በየተራው እየለቀመ ጨረሰብኝ። «የኔ ወንድም፥ ብዛትህን እንጂ የምትቆምበትን ቤት አልቆጠርህም» አለኝ።

ያን ጊዜ የአገራችን የዋግ ታሪክ ትዝ አለኝ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ በ1863 ዓ.ም. በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ላይ ወደ ትግራይ ዘመቱ። ሠራዊታቸው ወደ 60 ሺህ፥ የካሣ ግን ወደ 12 ሺህ እንደ ነበር ይነገራል። ነገር ግን ካሣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ የተወላቸው መድፎችና ጠመንጃዎች ነበሯቸው። በሐምሌ ወር በዓድዋ አጠገብ በአሰም ወንዝ በተደረገው ጦርነት ብዙው ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሡም ቆስለው ተማረኩ። ካሣም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ።

ጦርነት እንደ ሰሌዳ በአንድ ምክንያት ብቻ አይወሰንም። ቢሆንም መድፍ ወደሚጠብቅበት ስፍራ በብዛት ተማምኖ መሮጥ በወረቀትም በሜዳም ዋጋ ያስከፍላል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እኔ ባቄላዎቼን ለቅሜ በማግስቱ እንደ ገና ደረደርኋቸው፤ በአሰም የወደቁት ግን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከመራመዳችን በፊት የሌላውን ተራ እናስብ።